«ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ»

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉም የከበደኝ መዋጮ መመዝገብ ወይም ቃለ ጉባኤ መያዝ ሳይሆን፣ ራሱን እየነቀነቀ የሚያዳምጠኝን ሰው ለሥራ ማስነሣት ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የጎርፍ መውረጃ ቦያችን በደለልና በፌስታል ተደፍኖ ስለነበር፣ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለ ንጽሕና፣ ስለ አንድነትና ስለ መጪው ትውልድ የቻልሁትን ያህል አሳምሬ ተናገርሁ። «ቦዩ ሊጸዳ ይገባል፤ ሁሉም የበኩሉን አስተዋጽኦ ሊያደርግ ይገባል» ብዬ ስጨርስ ተጨበጨበልኝ፤ አንዲት እናትም መረቁኝ። ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘን የተገኘነው ግን ስድስት ሰዎች ብቻ ነበርን።

በሰፈሬ ሰው አዘንሁ። ኋላ ግን ጥፋቱ የንግግሬ መሆኑ የገባኝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩትን የክተት አዋጅ እንደገና ሳነብ ነው። አዋጁን በተማሪነቴ በኩራት ብቻ አንብቤው ነበር፤ በዚያን ዕለት ግን ሰው እንዲመጣለት የቸገረው ሰው እንደጻፈው ደብዳቤ አድርጌ አነበብሁት።

ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዛቸውን አላስቀደሙም። በመጀመሪያ ሞት የሁሉም ስለሆነ ስለ ራሳቸው ሞት እንደማያዝኑ ይናገራሉ፤ ሌላውን ወደ አደጋ የሚጠራ ሰው ራሱን ማስቀደሙ ነው። ቀጥለው ባሕር ተሻግሮ የመጣው ጠላት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በአጭሩ ያስረዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ «ያገሬ ሰው፣ ካሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» ይላሉ። ነጋሪት አስጎስሞ ማዘዝ የሚችል ንጉሥ፣ አንድ ጎረቤት ከጎረቤቱ ዘንድ ለብድር ሲሄድ እንደሚያደርገው፣ በመካከላቸው ቂም አለመኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጣል። «እርዳኝ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ከልመናም ከትእዛዝም የተለየ ክብደት አለው።

ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይጠራል፤ ጉልበት የሌለው ደግሞ ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘን እንዲረዳ ይጠየቃል። ስለዚህ ሽማግሌውም፣ ሕመምተኛውም «ይህ እኔን አይመለከተኝም» የሚልበት ቀዳዳ አያገኝም። በመጨረሻም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲገኝ ይነገረዋል። ሰሚው ቤቱ ሲገባ ማሰብ የሚጀምረው ስለ ስንቁና ስለ በቅሎው ነው እንጂ ስለ ንግግሩ ውበት አይደለም።

በአዋጁ ውስጥ ወስልቶ የሚቀረውን ሰው የሚያስፈራራ ብርቱ ቃልም አለ፤ «ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም» ይላል። ይህን ክፍል ለእኛ እድር አልወስደውም፤ ቅጣት ፈርቶ የመጣ ሰው አካፋውን የሚይዘው ስሙ እስኪመዘገብ ድረስ ብቻ መሆኑን አይቻለሁ። ደግሞም ያን ሁሉ ሕዝብ ያዘመተው የአዋጁ ቃል ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ነው፤ መሬት ይዞ የመዝመት ግዴታም፣ የመኳንንቱ ጥሪም ነበረ። ቢሆንም የተነገረው ቃል ያንን ሁሉ ወደ አንድ ቀንና ወደ አንድ ቦታ ሰብስቦታል።

የእኔን ንግግር ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጠው፣ «ሊጸዳ ይገባል» የሚለው አነጋገር አድራጊ እንደሌለው አስተዋልሁ። ማን ያጽዳ? መቼ? በምን? በስብሰባ የለመድነው ይህ አነጋገር ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን ተናጋሪውንም ሰሚውንም ከሥራው ነጻ ያወጣል።

በሚቀጥለው ወር ንግግሬን አሳጠርሁት። ባለፈው ነሐሴ ውኃ የገባባቸውን ሦስት ቤቶች ብቻ አነሣሁ፤ የባሰ ይመጣል ብዬ አላጋነንሁም። «እኔ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ድልድዩ ሥር እገኛለሁ። አካፋ ያላችሁ አካፋ፣ ዶማ ያላችሁ ዶማ ይዛችሁ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ እርዱኝ። ጎንበስ ማለት የማትችሉ ቡና በማፍላት እርዱን» አልሁ። ለታላላቆቻችን በስብሰባው «እናንተ» ማለቴ ስላልበቃኝ፣ በየቤታቸው ሄጄ «እርስዎ ይምጡልን» አልኋቸው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊም ዓርብ ማታ ዞሮ ሰዓቱንና ቦታውን አስታወሰ።

አርባ ሦስት ሰው መጣ። ወገባቸውን የሚያማቸው አንዲት ጎረቤታችን ረከቦታቸውን ድልድዩ አጠገብ ዘርግተው ቡና ሲቆሉ፣ ወጣቶቹ ከደለሉ ሥር አንድ ሙሉ የስፖንጅ ፍራሽ በገመድ ጎትተው አወጡ። ፍራሹ ሲነሣ ከበስተኋላው ተገድቦ የነበረው ጥቁር ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወረደ፤ የሁለተኛው ዙር ቡናም የቀረበው በዚያው ሰዓት ነበር።