አልነበብ ያለ ጣት

ታካሚዎች ሕመማቸውን የሚመዘግቡባቸው ታብሌቶች የመጡ ሰሞን አስተባባሪያችን የኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ክፍል ነርሶችን ሰብስቦ አንድ የኒው ዮርክ ጥናት አስረዳን። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 766 የካንሰር ታካሚዎች የተሳተፉበት ነው። የሚሰማቸውን የሕመም ስሜት ራሳቸው በኮምፒውተር ሲያሳውቁ ከነበሩት እኩሌታው ከ31 ወር በላይ ኖሯል፤ እንደ ወትሮው ከታከሙት ግን እኩሌታው 26 ወር ሳይሻገር አልፏል። «አምስት ወር በጣት ጫፍ!» አለ። ይቺን ቃሉን እስከ ዛሬ ይዤለታለሁ።

በዚያ ጥናት ሕመሙ ሲጠና መልእክቱ የሚደርሰው ለነርሷ ነበር። ስላይዱ ላይ ግን ነርሷ ከታች በትንሽ ፊደል ነበረች። ይሁን፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል ታካሚው «ተመስገን» ብሎ ክኒኑን ይዞ የሚሄድበት ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ።

የኛው ታብሌት የሚከፈተው በአሻራ ነው። ካርድ ይጠፋል፣ ስም ይመሳሰላል ተብሎ። ጣት ሲነካ አረንጓዴ ይበራና ጥያቄው ይመጣል፤ ለማያነብ ድምፅ አለው። ባለፉት 7 ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ተቅማጥ፤ ምንም የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ በጣም ከባድ።

ሴትዮዋ ካፔሲታቢን ላይ ናቸው፤ 14 ቀን ወስደው 7 ቀን የሚያርፉት የካንሰር ክኒን። ሦስተኛ ዙራቸውን ሊወስዱ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተዋል። ጣታቸውን ቢያስነኩ ቀይ። ቢደግሙ ቀይ።

«እናቴ፣ ጠንከር አድርገው ይጫኑት» አልኳቸው።

ጠንከር አደረጉ። ፊታቸው ጭፍግግ አለ። እኔ ማሽኑን ፈርተው መሰለኝ።

የአይቲው ልጅ መጣና ጣታቸውን እንኳ ሳያይ «ቅባት አለበት፣ ይታጠቡ» አለ። ታጥበው መጡ። ቀይ። ከኋላ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ሲስተር፣ ባንክ ቤትም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ በጣቴ ነው የምፈርመው። ቀለሙን ነክሬ ብጫን ጥቁር ብቻ ወጣ። ምን አጥፍቼ ይሆን?»

«ምንም አላጠፉም፤ ማሽኑ ነው» አልኩና ፋይላቸውን ወደ ጎን አደረግሁ።

ታብሌቱ አንዱን ሳይዘጉ ወደ ቀጣዩ ታካሚ አያሳልፍም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ሞልቷል፣ አልመጣም፣ ፈቃደኛ አይደለም። ሰልፉ ደረጃው ድረስ ወርዷል። «ፈቃደኛ አይደለም»ን ነካሁ። የኔ ጣት ወዲያው ተነበበ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ወንበር ላይ አየኋቸው። የልጅ ልጃቸው ሽሮ በእንጀራ እየጠቀለለች ታጎርሳቸዋለች። ሁለቱም እጆቻቸው ነጠላቸው ላይ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል፤ የሰው ዕቃ ይመስል። ጠጋ ብዬ አየሁ። መዳፉ ቀልቷል፤ የጣቶቹ ጫፍ ተልጦ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ያብለጨልጫል፤ መስመር የሚባል የለበትም።

«በርበሬው ይለበልበኛል» አሉ እንደማፈር ብለው። «ምጣድ ፊት ከቆምኩም ሰነበትኩ።»

ይህን እጅ ነው እንግዲህ ጠንከር አድርገው ይጫኑ ያልኩት።

ሐኪሙ ጋ ይዣቸው ገባሁ። ክኒኑን አስቆመ፤ እጃቸው ሲሻል መጠኑ ተቀንሶ እንዲጀምሩ አዘዘ። ይህ መድኃኒት መዳፍና ውስጥ እግርን እንደሚያቃጥል ሁላችንም እናውቃለን፤ አሻራ እንደሚያጠፋ ግን እኔ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንድ የ62 ዓመት ሰው ከሲንጋፖር አሜሪካ ሲገባ፣ በዚሁ ክኒን አሻራው ጠፍቶ አየር ማረፊያ ለ4 ሰዓት እንደያዙት ሐኪሙ ነገረኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ወጥቷል።

ማታ ታብሌቱን በራሴ አሻራ ከፍቼ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። አለ። «የእጅ ወይም የእግር መዳፍ መሰንጠቅ፣ መላላጥ፣ መቅላት ወይም ሕመም»። እዚያው ውስጥ፣ በጣት ከተቆለፈው በር ጀርባ።

በወሩ ስብሰባ አስተባባሪው ሪፖርቱን አቀረበ። «ፈቃደኛ ያልሆኑ» የሚለው ረድፍ ላይ ሲደርስ «አረጋውያን ቴክኖሎጂ ይፈራሉ፤ የግንዛቤ ሥራ ይቀረናል» አለ። እጄን አውጥቼ የሴትዮዋን ነገር ተናገርኩ። ጨርሼ እስክቀመጥ በትዕግሥት ጠበቀኝ።

«ስንት ናቸው እንደዚህ ያሉት?»

«እኔ ያየሁት አንድ።»

«አንድ ከሆነማ ቁጥሩን አይነካውም።»

ልመልስለት የምችለው ብዙ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ መልሼለታለሁ። ስብሰባው ላይ ግን ዝም አልኩ። «ፈቃደኛ አይደለም» ያለው ማን እንደሆነ ቢጠይቀኝስ? በኋላ በካርድ ቁጥር መግባት ተፈቀደ። የቀጣዩ ሪፖርት «አስተባባሪው ባደረጉት ክትትል» ይላል።

ሴትዮዋ እጃቸው ጠገግ ብሎ፣ መጠኑ ተቀንሶላቸው አንድ ዙር ጨርሰው ተመለሱ። ይጠፋል የተባለው ካርድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጉያቸው ወጣ። ቁጥሩን አስገባሁላቸው፤ አረንጓዴ በራ። ልጅቷ አጨበጨበች። ማቅለሽለሽ፣ ምንም የለም። ድካም፣ ምንም የለም። የእጁ ጥያቄ መጣ። በትንሿ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ምንም የለም።

«እናቴ፣ አሁንም ይላጣል እኮ።»

«ከበፊቱማ ምን አለኝ? ተመስገን ነው፤ ማሽኑም ይስማ።»

መመሪያው የታካሚውን መልስ አትንኩ ይላል። ካርዳቸው ጀርባ ላይ «እጃቸው ይታይ» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩና ወደ ሐኪሙ ሰደድኳቸው። ታብሌቱ «ሞልቷል» ብሎ ዘጋ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ወንበር ላይ ምሳ ዕቃው ተፈታ። እጅ ለመታጠብ የተነሳችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።