የሽቦውን መንገድ መፈለግ፦ የኤስዩቪ ኤሌክትሪክ ጥናቴ የት ደረሰ?

የቤተሰባችንን ኤስዩቪ የኤሌክትሪክ መስመር ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ በጣም የጠቀመኝ ነገር ይሄ ነው። የሰርኪዩት ዲያግራም ዕቃው ከምን ጋር እንደተገናኘ ያሳያል እንጂ የት እንደተቀመጠ አያሳይም። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተሳሉ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) እና መብራት፣ መኪናው ላይ አንዱ ኮፈኑ ሥር፣ ሌላው የኋላ በር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከጥገና መጽሐፉ መጀመሪያ የምከፍተው የኮኔክተሮችን (የሽቦ መጋጠሚያ ሶኬቶችን)፣ የግራውንድ ነጥቦችን (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስባቸውን) እና የሽቦ ጥቅሎችን ቦታ የሚያሳዩትን ገጾች ነው።

ከዚያ ጥቅሎቹን በራሴ እጅ ሳልኳቸው። የሞተር ክፍል፣ ዳሽቦርድ፣ ወለል፣ በሮች። በብዙ መኪኖች ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቅል ምንጣፉ ሥር የበሮቹን ደፍ ተከትሎ ያልፋል። የፊውዝ ሳጥን ብዙ ጊዜ አንዱ ባትሪው አጠገብ፣ ሌላው ዳሽቦርዱ ሥር ነው። የፊውዞቹን ቀለም መያዝ አይከብድም፤ 10 አምፒር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ። የተለመደው ሪሌ ላይ 85 እና 86 የኮይሉ (ሪሌውን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥምጥም) ጫፎች ናቸው፤ በ30 ኃይል ይገባል፣ በ87 ይወጣል።

ሥዕሉ ሥራ የሠራው የኋላ በሩ ላይ ነው። መጥረጊያው፣ የታርጋ መብራቱና ካሜራው አንድ ላይ ይጠፉ ጀመር። ፊውዛቸው የተለያየ ነው፤ ሁሉም ደህና ነው። ታዲያ ሦስቱን ምን ያገናኛቸዋል? ሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሦስቱም ሽቦ በበሩ ማጠፊያ በኩል በአንድ የጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ይታጠፋል።

ቱቦውን ስገልጠው ሽፋኑ የተሰነጠቀ ሽቦ ወዲያው ታየኝ። አስቸጋሪው ግን የማይታየው ነው። ሽፋኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል። እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ የለም ማለት ነው። መልቲሜትር (የቮልቴጅና የኦም መለኪያው) ብቻውን እዚህ ያሳስታል። አንዲት የመዳብ ክር ብትቀር እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። መብራቱን አብርታችሁ ለኩ፤ ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል። ግራውንዱም እንዲሁ ነው፤ መብራቱ በርቶ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ መብራቱ ኔጋቲቭ ሲለካ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። የኔው አልተጠጋም። ሦስቱም የሚጋሩት የግራውንድ ሽቦ ነበር የተበጠሰው። ስቀጥለው ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ በደንብ የሚተጣጠፍ ሽቦ ተጠቀምኩ። መጋጠሚያውን ከሚታጠፈው ቦታ አውጥቼ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር አደራ! ቢጫ ኮኔክተር ብዙ ጊዜ የኤርባግ ነው፤ በመልቲሜትር አትንኩት። ሃይብሪድ ላይ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

ቀጣዩ የማጠናው የካን መስመር ነው፤ የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸው፣ እርስ በርስ የተጠማዘዙት ሁለት ሽቦዎች። ባትሪው ተነቅሎ በምርመራ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ሲለካ በብዙ መኪኖች 60 ኦም አካባቢ ይመጣል። 120 ከሆነ በመስመሩ ሁለት ጫፎች ካሉት ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክን የሚገቱ ዕቃዎች) አንዱ ከመስመሩ ወጥቷል። ሬዚስተሮቹ የትኞቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ እንዳሉ ሥዕሌ ላይ ለማስገባት አሁን እየፈለግኩ ነው።