ጉዱ ካሳ የበዛብህ ወዳጅ ነበር ወይስ ሰሚ ፈልጎ ነው?

ይህን ጥያቄ ሱቄ ውስጥ ጥለውብኝ የሄዱት ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሱሪ ለማሳጠር ይመጡና ሱሪው ካለቀም በኋላ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሐዋሳ፣ አቶቴ። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ ሥራ ይፈታል፤ ስለዚህ ስልኬ ላይ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» እከፍታለሁ። ካሳና በዛብህም የዚሁ መጽሐፍ ሰዎች ናቸው። ደንበኞቼ ለምደውታል። አንዳንዷ ቀሚሷን ለክቼ ጨርሼ እንኳ «ቆይ፣ ይቺ ትለቅ» ትለኛለች።

ጋሼ አንድ ቀን የካሳ ንግግር እየተሰማ ሳለ፣ «ይሄ ሰውዬ ወዳጅ የለውም፤ ያለው ተማሪ ነው» አሉ። በቃ፣ እዚያ ላይ ተጣላን።

የጋሼ ክርክር እንዲህ ነው። በዛብህ ደብተራ ነው፤ የድሀ ልጅ። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ካሳ ግን የቤቱ ዘመድ ነው። አፉ ያመጣለትን ስለሚናገር አገሩ እብድ ብሎ «ጉዱ» የሚል ስም አውጥቶለታል። የሚሰማው ሰው የለም። ታዲያ አንድ የተማረ ወጣት መጥቶ «እንዴት?» «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀው ምን ያድርግ? ስለ ባላባቱ፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ቤተ ክህነት፣ ስለ ዘር ቆጠራ ያለውን ሁሉ አፈሰሰበት። ጋሼ እንደሚሉት በዛብህ ባይሆን ሌላ ሰው ቢመጣም ያው ነበር።

እዚህ ላይ ጋሼ እውነት አላቸው። መጽሐፉን ገልጣችሁ ሁለቱ የሚያወሩበትን ቦታ እዩ። ካሳ ገጽ ሙሉ ይናገራል፤ በዛብህ መስመር ተኩል። በወጋየሁ ድምፅ ስሰማው ይህ አይታወቀኝም ነበር። ያ ሰው ካሳን ሲሆን ድምፁ ውስጥ የሆነ እዝነት አለ፤ ስብከቱ ራሱ ምክር ይመስላል። ወረቀቱ ላይ ያ ድምፅ የለም። ብቻውን የኖረ ሰው ነው የምታዩት፣ ቃል ሲጠማው የኖረ።

እኔን የበለጠ የከነከነኝ ግን ጋሼ ያላነሱት ነገር ነው። ካሳ እንደ ልቡ የሚናገረው ለምንድን ነው? ዘመድ ስለሆነ ነዋ! የባላባት ዘመድ ሲያብድ ይሳቅበታል፣ ይሰደባል፣ ይገለላል፤ ግን አጥንቱ ይቆጠርለታል። የደብተራው በዛብህ አጥንት ማን ይቆጥርለታል? ያንኑ ቃል በዛብህ ቢደግመው የሚጠብቀው ሌላ ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን ለስንቱ «ዘሩ አይመጥንም» ብለው የከለከሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ማታ ማታ ቁጭ ብለው ያንኑ ወሬ ሲያወሩ፣ አንዱ የሚከፍለው በስሙ ነው፣ ሌላው በነፍሱ። ካሳ ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ብልህ ነው። ግን ዝም አላለም።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ደስ አላቸው። «አየሽ፣ ወደ እኔ እየመጣሽ ነው» አሉ። እኔ ግን ወደ እሳቸው አልሄድኩም።

ሰው ወዳጅ የሚይዘው በንጹሕ ልብ ብቻ ነው ያለው ማነው? እኔ ለዚህ ሙያ የበቃሁት አንዲት ትልቅ ሴት ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን መስፋት ስለሰለቻት ነው። የጠራችኝ ለእኔ አዝና አልነበረም፤ ቡና የሚያጣጣት ፈልጋ ነው። ዛሬ እሷ ብትታመም ሱቄን ዘግቼ ነው የምሄደው። ወዳጅነት ከችግር ቢጀምር ምን ነውር አለው? ካሳም ጆሮ ፈልጎ ይሆናል የመጣው። መጠየቅ ያለበት ጆሮው ሲሄድ ምን አደረገ የሚለው ነው።

በዛብህ ከሰብለ ጋር ፍቅር ይዞት፣ ሸሽቶ አዲስ አበባ ገባ። ካሳ ሰሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈለገው፣ ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ሌላ ሰሚ መፈለግ፣ ወይም እንደ ድሮው ለራሱ ማውራት ነው። አላበቃም። በዛብህ መንገድ ላይ ወንበዴዎች አቁስለውት ከሞተ በኋላ፣ ሰብለም መንኩሳ ካለፈች በኋላ፣ ካሳም ሲሞት ከእነሱ ጋር ነው የተቀበረው። ስሙን ያወጣለት አገር እዚያ ማዶ ቀረ። ሙት ደግሞ ንግግር አይሰማም። እዚያ ካሳ ምን ያተርፋል?

ጋሼ ለዚህም መልስ አላቸው። «መቃብሩን የመረጡት ሐዲስ ናቸው እንጂ ካሳ አይደለም። ደራሲ መጨረሻውን ማሳመር ይወዳል።» ይሄ የመምህር ጨዋታ ነው፤ እንዲህ ከሆነማ በዛብህም ሰብለን አልወደደም፣ ሐዲስ ናቸው ያስወደዱት! ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁን ካነሳን፣ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም ከመታተሙ በፊት እሳቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በባዕድ አገር ለዓመታት ታስረዋል። እስር ቤት ውስጥ የሚያዋራህ ሰው መርጠህ አታገኝም፤ ከተገኘው ጋር ነው የምትኖረው። ካሳንና በዛብህን ሲጽፉ ይህን ያሰቡት ይመስለኛል። ማስረጃ የለኝም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ለጋሼ እለቃለሁ። ወዳጅነቱ እውነተኛ ነው፣ እኩል ግን አይደለም። በዛብህ የልቡን ፍቅር ለካሳ ሰጠ፤ ካሳ ለበዛብህ የሰጠው ሐሳብ ነው። ስለ አገሩ ሁሉ ምን እንደሚያስብ እናውቃለን። ማታ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያስለቅሰው ግን በዛብህ መቼ ጠየቀው? ጋሼ ሁሌ ካሳን ይከሳሉ እንጂ ይህን ከበዛብህ አይጠይቁም። የሚቀጥለው ክርክራችን በዚህ ላይ ነው፤ ሱሪ ይዘው ይምጡ ብያቸዋለሁ።