ቱዝላና አልቲኖቫ፦ «ሌሎች» የሚባለው ረድፍ

የዓለምን የመርከብ ግንባታ ዘገባ የሚያነብ ሰው የሦስት አገሮችን ስም ይዞ ይወጣል። ቻይና፣ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ተደምረው በዓመት ከሚሠራው የንግድ መርከብ ከ90 በመቶ በላይ ይይዛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቻይና ድርሻ ብቻውን ግማሹን አልፏል። የተረፈው ዓለም በሰንጠረዡ ግርጌ «ሌሎች» በሚል አንድ ረድፍ ይታጨቃል። ስለ ወጪና ገቢ ንግድ ስጽፍ ይህን ሰንጠረዥ ደጋግሜ ስላየሁት ያቺ ረድፍ ታናድደኛለች። ደርዘን የሚሞሉ አገሮች፣ ብዙ ሺህ በያጆች፣ አንድ ቁጥር! ኢስታንቡል የመሄድ ዕድል ሲገጥመኝ ከ«ሌሎች» አንዷን በዓይኔ ለማየት ቆረጥኩ።

ያረፍኩት ላሌሊ ነው። ልብስና ጫማ ለመግዛት የሚመጡ ነጋዴዎቻችን የሚያዘወትሩት ሰፈር ስለሆነ ቁርስ ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ወይዘሮ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። መርከብ ሲሠራ ለማየት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«መርከብ? ወደብ ለሌለው አገር?» አሉ፣ ወይራውን ወደ ጎን እየገፉ።

«ለመግዛት አይደለም እትዬ፤ ልጽፍበት ነው።»

«ታዲያ ጫማ ብትጭን አይሻልህም፣ ልጄ? ቢያንስ ወጪህን ትመልሳለህ።»

መልስ አልነበረኝም። ከየኒካፒ ጣቢያ በቦስፎረስ ሥር የሚያልፈውን የማርማራይ ባቡር ይዤ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ወጥቶ የእስያውን ዳርቻ ይዞ ሲጓዝ ከፎቆች በስተቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ፔንዲክ ካለፈ በኋላ ግን በቤቶቹ መካከል የክሬን አንገቶች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። በኢስታንቡል የቱዝላ ወረዳ፣ ኢችሜለር ጣቢያ ወረድኩ።

የቱርኮች መርከብ ሥራ የተጀመረው እዚህ አይደለም። ሱልጣን መሕመድ ዳግማዊ ከተማዋን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1455፣ ሃሊች በሚባለው የባሕር ሰርጥ ዳር የተመሠረተው መርከብ መሥሪያ ዛሬም የከተማዋን ፌሪዎች ይጠግናል። የግል ድርጅቶቹ ግን ከተማው እየጠበበባቸው ሲሄድ በተለይ በ1980ዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቱዝላ መጡ። አሁን በአንዲት ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የአንዱ መርከብ ቀፎ (የብረት አካሉ) አፍንጫ የሌላውን አጥር ሊነካ ምንም አይቀረው። መንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች ሰንሰለት፣ ቀለም፣ ኤሌክትሮድ፣ የበያጅ ጓንትና ጭንብል ይሸጣሉ፤ በመካከላቸው ሾርባ ቤት አለ። አየሩ የተቃጠለ ብረትና የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል።

በአንድ የቧንቧ ሥራ ንዑስ ተቋራጭ ዘንድ የሚሠራ መሐንዲስ በሰው በሰው አግኝቼ ነበርና ሄልሜትና ብረት አፍ ጫማ አስደርጎ አስገባኝ። የሄድንበት መርከብ ለሰሜን አትላንቲክ የታዘዘ ዓሣ አጥማጅ ነው። ስለ ዓሣ ማጥመጃ ሲነገር በአእምሮዬ የሚመጣው መረብ የተጫነበት ጀልባ ነበር። ይህኛው ግን ሞተር የተገጠመለት ፋብሪካ ነው ማለት ይቀላል። ከኋላው መረቡ የሚጎተትበት ተዳፋት አለ፤ ከመርከቡ ወለል በታች ዓሣው የሚታጠብበት፣ የሚሰነጠቅበትና የሚቀዘቅዝበት አዳራሽ፣ ከዚያ በታች የቀዝቃዛ ክምችት ክፍል። በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሰው በጎኑ እንኳ የሚያልፍበት ቦታ እስኪጠፋ ቧንቧና ኬብል ተነባብሯል። ሁለት በያጆች ጉልበታቸውን አጥፈው ከአንድ ቧንቧ ሥር ገብተዋል፤ የሚታየኝ ብልጭታውና የአንደኛው ጫማ ሶል ብቻ ነው።

«ላሜራውን መቁረጥና መበየድ ቀላሉ ሥራ ነው» አለኝ መሐንዲሱ። «ብረቱ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ይቆረጣል፣ ብሎክ ብሎክ ሆኖ ይበየዳል፣ ክሬን አንስቶ ያገጣጥመዋል። ዕድሜያችንን የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።»

ያችን «ሌሎች» የምትባል ረድፍ አነሳሁበትና ሳቀ። አገሮች በመርከብ ሲወዳደሩ የሚለኩበት ግሮስ ቶን ስሙ ነው እንጂ ክብደት አይደለም፤ በ1969 በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከመርከቡ የውስጥ ይዘት የሚሰላ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰፊ ባዶ ሆድ ያለው የስንዴና የብረት ማዕድን ጫኝ ብዙ ግሮስ ቶን ያስመዘግባል፤ ሆዱ በማሽን የተጠቀጠቀ ዓሣ አጥማጅ ጥቂት። መርከብ ሠሪዎቹም ይህ እንደማያዋጣ ስላወቁ የመርከቡን ዓይነትና መጠን በሥራ ብዛት የሚያስተካክል ሌላ መለኪያ አበጅተዋል። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ አሁን የሚሠራበትን ቀመር ያወጣው በ2007 ነው። ለዓሣ አጥማጅ ግሮስ ቶኑ በ0.71 ኃይል ከፍ ብሎ በ24 ይባዛል፤ ለጅምላ ደረቅ ጭነት መርከብ በ0.61 ኃይል ከፍ ብሎ በ29።

እዚያው የብረት ደረጃ ላይ ተቀምጠን በስልኩ አሰላነው። 40,000 ግሮስ ቶን ያለው ደረቅ ጭነት መርከብ በተስተካከለው መለኪያ 18,600 ገደማ ሆነ። 2,000 ግሮስ ቶን ያለው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ወደ 5,300 አደገ። በይዘት 20 እጥፍ የሚበልጠው መርከብ በሥራ ሲመዘን 3 እጥፍ ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው። ጋዜጦቻችን የሚገለብጡት ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። የመሐንዲሱ አገር ከእስያዎቹ ጋር በግዝፈት ልትፎካከር አትችልም፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ፌሪና ጎታች ጀልባ በሚባሉት ዘርፎች ግን ስሟ የታወቀ ነው፤ ደንበኞቿም ብዙዎቹ ከኖርዌይና ከአይስላንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ አንድ መርከብ የማን አገር ምርት ነው? በ2017 ቸሊክትራንስ የተባለው የቱዝላ መርከብ መሥሪያ ኢንጌይ፣ አኩሬይና ቪዴይ የሚባሉ ሦስት ዓሣ አጥማጆችን ለአይስላንድ አስረክቧል። ኢንጌይ ከዚህ ስትወጣ ሙሉ አልነበረችም፤ የዓሣ ማቀነባበሪያዋና ሰው ሳይገባበት የሚሠራው የክምችት ክፍሏ የተገጠሙት አይስላንድ ከደረሰች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ነገሩ ይባስ ነበር። የቱርክ ድርጅቶች ባዶ ቀፎ ብቻ ሠርተው በጎታች እስከ ኖርዌይ ይልካሉ፤ ሞተሩም ኬብሉም ወንበሩም እዚያ ይገባል፤ መርከቡ በኖርዌዩ ድርጅት ስም ተመዝግቦ በኖርዌይ ምርት ይቆጠራል። በያጁ ቱዝላ፣ ቁጥሩ ኖርዌይ። አሁን የቱርክ ድርጅቶች መርከቡን ራሳቸው ጨርሰው ቁልፉን ማስረከብ የመረጡት ለገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም።

የንግድ ዜናውም የራሱ ጨዋታ አለው። አንድ መርከብ ሲታዘዝ ዜና ነው፤ የመጀመሪያው ላሜራ ሲቆረጥ ዜና ነው፤ የመጀመሪያው ብሎክ መንሸራተቻው ላይ ሲቀመጥ፣ ወደ ውኃ ሲወርድ፣ በባሕር ላይ ሲሞከር፣ ሲረከብና ስም ሲወጣለት እንደገና ዜና ነው። ቀን ሳይመለከት የሚያነብ ሰው ሰባት መርከብ የተሠራ ይመስለዋል። «4 ሲደመር 2» ተብሎ የሚጻፈው ውል ደግሞ አራቱ የተረጋገጡ፣ ሁለቱ ገዢው ከፈለገ የሚያዛቸው ናቸው፤ በርዕሱ ላይ ግን ስድስት ይሆናሉ። ከታዘዘ በኋላም መርከቡ አገር ሊቀይር ይችላል። የኖርዌይን የባሕር ዳርቻ መስመር ለማገልገል ሃቪላ የተባለው ኩባንያ በ2018 ካዘዛቸው አራት መርከቦች ሁለቱ በስፔን ቪጎ፣ ሁለቱ በቱርኩ ቴርሳን ሊሠሩ ነበር። የስፔኑ ድርጅት በገንዘብ ችግር ሲወድቅ አራቱም ወደ ቱርክ ሄዱ። በአንድ ዓመት ዘገባ የስፔን የነበረው ትዕዛዝ በሌላ ዓመት የቱርክ ሆነ።

ምሳ ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል መንገዱ በሰማያዊ ቱታ ተሞላ። ሾርባ ቤቱ ውስጥ አብረውን የተቀመጡት ሠራተኞች ከጥቁር ባሕር ዳርቻና ከምሥራቅ የመጡ ናቸው፤ የለበሱት የአንድ ግቢ ልብስ ቢሆንም ደሞዝ የሚከፍላቸው የተለያየ ንዑስ ተቋራጭ ነው። ስለ 2008 ጠየቅኳቸው። ያኔ የዓለም ንግድ ጦፎ ቱዝላ በትዕዛዝ ተጨናንቃ ነበር፤ ሠራተኞችም በተከታታይ ይሞቱ ነበር፤ ከመወጣጫ ወድቀው፣ በኤሌክትሪክ ተይዘው፣ በፍንዳታ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። በነሐሴ ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባ ሲሞከር በአሸዋ ከረጢት ፋንታ ሠራተኞች ተጭነውበት ሦስቱ ሞቱ። ከመካከላቸው ያረጀው በያጅ ይህን ሲሰማ ማንኪያውን አስቀምጦ «እኛ ከአሸዋ እንረክስ ነበር» አለ። ሌሎቹ ወዲያው ወሬውን ወደ እግር ኳስ መለሱት። ያ ዓመት በምርት ዘገባው ላይ ከቱርክ ምርጥ ዘመኖች አንዱ ሆኖ ይታያል።

ከቱዝላ ባሕሩን ተሻግሮ ወዳለው ሌላው የመርከብ መሥሪያ ዳርቻ፣ ወደ አልቲኖቫ፣ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው፤ በ2016 የተከፈተው ረጅም የኦስማንጋዚ ድልድይ ወይም ከኤስኪሂሳር ወደ ቶፕቹላር የሚሻገረው የመኪና ፌሪ። ፌሪውን መረጥኩ። ሻይ በርካሽ ይገኝበታል፤ መርከብ መሥሪያዎቹንም ከባሕሩ በኩል ያሳያል። ቱዝላ ለጠበባቸው ድርጅቶች በ2000ዎቹ የተከፈተው ይህ ዳርቻ ሰፊ ነው። ከዚህ ከወጡት መካከል ባስቶ ኤሌክትሪክ የምትባለው ፌሪ አለች፤ ሴፊኔ የተባለው ድርጅት የሠራት፣ 139 ሜትር የምትረዝም፣ 600 ሰውና 200 መኪና በባትሪ የምታሻግር። ከ2021 ጀምሮ በኦስሎ ፊዮርድ ላይ ትመላለሳለች። እኔ የተሳፈርኩበት ፌሪ ግን ጥቁር ጭሱን እያግተለተለ ነው የሚሄደው። መርከብ ሠሪ አገር ምርጡን ለሌላ ሠርቶ አሮጌውን ራሱ መሳፈሩ የተለመደ ይመስላል።

ማዶ ላይ አንድ ቀፎ ለመውረድ ተዘጋጅቶ ባንዲራ ተሰቅሎበታል። አጠገቤ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር እዚህ መርከብ ውኃ ሲነካ በግ እንደሚታረድ ነገረኝ፤ የውጭ ደንበኞቹ ጠርሙስ ይሰብራሉ፤ ሁለቱም የሚደረግበት ጊዜ አለ።

የእኛስ? የኢትዮጵያ ስም በእነዚህ ዘገባዎች ውስጥ የሚገኘው በሌላኛው ገጽ ነው፤ በባለቤቶች ገጽ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የተረከብናቸው ዘጠኝ መርከቦች፣ ሰባቱ ደረቅ ጭነት ሁለቱ ነዳጅ ጫኝ፣ የከተሞቻችንን ስም ተሸክመው ባሕር ላይ ወጡ፤ ምርትነታቸው ግን ለቻይና ተቆጥሯል። ከቅርብ ዓመታት የመርከብ ዜናዎቻችን ሁሉ የበለጠ ሕዝብ የተከታተለው የጣና ሐይቅ ጀልባዋ ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር ከተማ በተሽከርካሪ ተጭና ያደረገችው ጉዞ ነው፤ የመርከብ ዜናችን የመንገድ ዜና ሆነ። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ደግሞ በየትኛውም ገጽ የሉም። ዓለም አቀፉ ስታቲስቲክስ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ100 ግሮስ ቶን ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በዚያ መዝገብ አይገባም።

ይህ ወሰን የሚያስቀረው የጣናን ሰዎች ብቻ አይደለም። ስመለስ ኤስኪሂሳር ከፌሪው ማቆሚያ አጠገብ ባለችው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ሁለት አዛውንት ወንድማማቾች የእንጨት ጀልባ ሲሠሩ አገኘሁ። ከጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ከሱርመኔ የመጡ ናቸው። ጀልባዋ ከዐሥር ሜትር ብዙም አትበልጥም። እንግሊዝኛ በሚሞክር የልጅ ልጃቸው አማካይነት እስከ ዛሬ ስንት እንደሠሩ ጠየቅኳቸው።

ታላቅየው ቁጥር አልጠሩም፤ በገዢዎቹ ስም ይዘረዝሩ ጀመር። አንዱ ጋ ሲደርሱ ታናሹ መጥረቢያውን አስቀምጠው አቋረጧቸው። እሱ የሌላ ሰው ጀልባ ነው፤ እኛ አስረዝመንለት ነው እንጂ አልሠራንለትም አሉ። ታላቅየው ተቆጡ። ከአከርካሪው እንጨት በቀር ሁሉንም ቀይረን እንዴት አልሠራንም ይባላል? ታናሹም አከርካሪው የሌላ ከሆነ ጀልባው የሌላ ነው አሉ። ልጁ መተርጎሙን ትቶ ከአያቱ ጎን ተሰለፈ። የባቡሬ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ተሰናብቻቸው ስወጣ አንድ ዓሣ አጥማጅም መረቡን ጥሎ ክርክሩን ተቀላቅሏል።