ስለ ልጃችሁ ጠባይ ለትምህርት ቤቱ በቃል አትንገሩ፣ ጻፉ

ቨርጂኒያ ውስጥ የማሳድገው የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ኤዲኤችዲ አለበት፤ በእኛ አነጋገር ቀልቡ የማይሰበሰብ፣ እጅና እግሩ የማያርፍ፣ ሲናደድ ያገኘውን የሚወረውር ልጅ ነው። እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ልጆቻቸው ከክፍል የሚባረሩባቸው ብዙ የሀገሬ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሰው እንዳይሰማብን ስለምንደባበቅ ግን አንዳችን ከሌላችን አንማርም።

ምርመራው አላስቸገረኝም። ሐኪሙ አንድ መጠይቅ ለእኔ፣ ሌላውን ለመምህሩ ሰጥቶ አስሞላን፤ ከዚያ ሜቲልፌኒዴት የተባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒት በትንሽ መጠን ተጀመረ። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ጠዋት ከመዋጡ በፊት አጥግቤ አበላዋለሁ። ጥብቅ ቁጥጥር ስለሚደረግበት ደግሞ ፋርማሲው በአሮጌ ማዘዣ ድጋሚ አይሰጥም፤ ሳያልቅ ቀደም ብሎ ወደ ሐኪሙ መደወል ያስፈልጋል። ዘመዶቼ «ልጁን አደነዘዝሽው» አሉኝ። ልጄ አልደነዘዘም፤ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ የተነገረውንም እስከ መጨረሻው ይሰማል።

ያንገበገበኝ ትምህርት ቤቱ ነው። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት «ሐኪም ዘንድ ወስደው ካላስጀመሩት እኛ ምንም ልናደርግለት አንችልም» አሉኝ። ሲጀምር ደግሞ «አሁን መድኃኒት እየወሰደ ስለሆነ ልዩ ድጋፍ አያስፈልገውም» አሉ። ሁለቱንም የተናገረችው አንዲት ሴት ናት፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር፤ አስተርጓሚም አልነበረኝም። በመካከሉ «ዛሬ ከብዶታል፣ መጥተው ይውሰዱት» እያሉ ከሥራ ያስወጡኛል። እሄዳለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። የሚፈረም ወረቀት የለም፤ በመዝገባቸው ልጄ አንድም ቀን አልታገደም።

ነገሩን የገለጠችልኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቃት፣ የራሷን ልጅ በዚሁ መንገድ ያሳለፈች እኅት ናት። ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ለትምህርት ወይም ለምዘና (ልጁ ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ ለሚደረገው ምርመራ) ቅድመ ሁኔታ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ2004 በተሻሻለው የልዩ ትምህርት የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ዋናው ግን በቃል የተነገረ ነገር መከታተያ የለውም፤ «ልጄ ለልዩ ትምህርት እንዲመዘን እጠይቃለሁ» የሚል ደብዳቤ ቀን ተጽፎበት ከገባ ግን መከታተያ አለው። ለምዘናው የፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል፤ ግዛቶች የራሳቸውን ሊወስኑ ስለሚችሉ እዚህ ቨርጂኒያ 65 የሥራ ቀን ነው። ደብዳቤው በአማርኛም ቢጻፍ ይጻፍ፤ መተርጎሙ የእነሱ ሥራ ነው። «መጀመሪያ በክፍል ውስጥ የምናደርገውን ድጋፍ ውጤት እንይ» ቢሏችሁም አትጠብቁ። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ምክንያት አድርጎ ምዘናን ማዘግየት እንደማይቻል ለግዛቶች ጽፏል።

ይህን ያህል የምከራከረው መድኃኒቱ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። የልጄ ኪኒን ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ነው፤ የትምህርቱን ሰዓት ይሸፍንና አመሻሹ ላይ ይለቀዋል። በትምህርቱ ሰዓት ረግቶ ይቀመጣል። ነገር ግን ሒሳቡ ሲከብደው ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተማረው ሰው ስለሌለ እርሳሱን ሰብሮ ይወረውር ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከስድስት ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ሥልጠና እንዲቀድም፣ ከዚያ በላይ ላሉት መድኃኒቱና የባሕርይ ሥልጠናው አብረው እንዲሄዱ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ቢጫ ካርድ ሠራን። «ዕረፍት እፈልጋለሁ» ይላል። ሲናደድ ማስተማር ከንቱ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒቱ ሲሠራ፣ ሆዱ ሲሞላ፣ ጠረጴዛ ላይ ሆን ብዬ ከባድ ሒሳብ አቀርብለታለሁ። ጥርሱን መንከስ ሲጀምር ካርዱን እጠቁመዋለሁ፤ አንሥቶ ይሰጠኛል፤ ተነሥቶ ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና። አንዳንዶች ቅዳሜና እሑድ መድኃኒቱን አሳርፉት ይላሉ፤ እኔ ግን ልምምዳችን ስለሚፈርስ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ አላቋረጥኩም። ለወራት ምንም ለውጥ ያለ አይመስልም ነበር። አሁን ካርዱን ሳልጠቁመው ያነሣዋል፤ በዚህ የምኮራውን ያህል በሌላ በምንም አልኮራም።

ከምዘናው በኋላ የልጁ የልዩ ትምህርት ዕቅድ ሲዘጋጅ «ድጋፍ ይደረግለታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ካያችሁ አትፈርሙ። ካርዱን ሲያነሣ መምህሩ ምን እንደሚያደርግ፣ ክህሎቱን ማን እንደሚያስተምረው፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ በየት ክፍል፣ ሁሉም ይጻፍ። «መጥተው ይውሰዱት» ብለው ሲደውሉም ምክንያቱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ እንዲህ ከክፍል የተወሰደበት ቀን እንደ እገዳ ሊቆጠር ይገባል፤ በአንድ የትምህርት ዓመት ከ10 ቀን ሲያልፍ ሕጉ ተጨማሪ ግዴታ ይጥልባቸዋል። እኔ ኢሜይል መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ጥሪው ቀንሷል።