ቶን እና ኪሎኒውተን

የድልድይ ንድፍ እሠራለሁ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ይህ ፍቅር ለብዙ ጊዜ መከላከያዬ ነበር። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ያለ አባት ይወቀሳል፤ «ሥራዬን ስለምወድ ነው» ያለውን ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል?

አንድ አርብ ማታ የአንድ ምሰሶ ስሌት አልወጣ አለኝ። በቡድናችን ላለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ቤቱ ደወልኩ። ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። «ፋይራአቤንድ ነው፤ ሰኞ እናየዋለን» ብሎ በትሕትና ተሰናበተኝ። ቃሉ የሥራ ቀን ማብቂያንም ከዚያ በኋላ ያለውን ምሽትም ይገልጻል። እኔ ግን የሰማሁት «አያገባኝም» የሚል ነው። እኩለ ሌሊት ላይ መልስ የምትሰጠውን ጃፓናዊት ባልደረባችንን በልቤ አመሰገንኳት።

ቅዳሜንና እሁድን በብረት ላይ ብረት ስጨምር ዋልኩ። ኮምፒውተሩ አንዱን ስሌት ለመጨረስ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። የ5 ዓመት ልጄ ይህቺን ጊዜ ያውቃታል። ስሌቱ ምን ያህል እንደተጠናቀቀ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መቶኛ መቁጠር ሲጀምር ከወንበሬ አጠገብ ብቅ ይልና ጥያቄውን ያቀርባል፤ 90 ሲደርስ አነጋገሩን ያፈጥናል።

ሰኞ ጠዋት ጀርመናዊው 20 ደቂቃ ሳይሞላ ስሕተቴን አገኘው። ኪሎኒውተን በሚባለው የኃይል መለኪያ የተሰጠኝን ጭነት በቶን አስገብቼዋለሁ። የአንድ ቶን ክብደት ወደ 10 ኪሎኒውተን ስለሚጠጋ ምስኪኑን ምሰሶ 10 እጥፍ አሸክሜው ከርሜአለሁ። አልሳቀብኝም። ይልቅ ስለ ምሰሶው ቅርጽ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኑ እያበራ አወራኝ። ሥራውን ከእኔ ባላነሰ እንደሚወድ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጃፓናዊቷን ስለ ሌሊት ትጋቷ ባደንቃት ደግሞ ሳቀች። «አለቃዬ ከወንበራቸው ስላልተነሡ ነው እንጂ!» በአገሯ ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የትርፍ ሰዓት ሥራን በመርሕ ደረጃ በወር በ45 ሰዓት ገድቦታል፤ ሕግ ወጥቶም ከአለቃ ቀድሞ መነሣት ይከብዳል አለችኝ። ፍቅር ያልኩት ይሉኝታ ኖሯል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቫሌራንድ ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው ለሚሠራው ነገር ያለውን ጥልቅ ፍቅር ለሁለት ከፍሎታል። በእኔ አነጋገር፣ አንዱን ሰው ይይዘዋል፤ ሌላው ሰውን ይይዛል። የእኔ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጥናት አላስፈለገኝም።

ባለፈው ወር አዲስ ኮምፒውተር ተሰጠኝ። ስሌቱ በ40 ሰከንድ ያልቃል። ልጄ እንደ ልማዱ መጥቶ ገና አፉን ሲከፍት መቶኛው ሞላ። ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

«አባዬ፣ የድሮው የት ሄደ?»