ስሜን ሲጠይቀኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ምስክርነት ስንል የለመድነው «ጸለይኩ፣ ጌታ ሰጠኝ» ነው። እኔ የጸለይኩትን አልሰጠኝም። የምመሰክረውም ስላልሰጠኝ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ የጸሎት ርዕሴ አንድ ነበር፤ ትዳር። ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምፈልገውን ባል በቁጥር ጽፌዋለሁ። ጌታን የሚወድ፣ የሚጸልይ፣ ቁጣ የሌለበት፣ እያለ እስከ 14 ይሄዳል። ቁመት ሁሉ አለበት። አሁን ሳየው ያስቀኛል።

ከዚያ በኅብረት ከማውቀው አንድ ወንድም ጋር ጓደኝነት ጀመርን። እሱን ልከስ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልናገር፤ ጥሩ ሰው ነው። በሁለተኛው ወር ላይ ለጓደኞቼ «ምሪት አለኝ፣ ጌታ ተናግሮኛል» ማለት ጀመርኩ። ለራሱም ነገርኩት።

ጌታ ምንም አልተናገረኝም ነበር። ፈርቼ ነው። ጌታ ብሏል ካልኩት ጥሎኝ አይሄድም ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ግን ሳልናገር ባልፍ ምስክርነቱ ግማሽ ይሆናል። በየኅብረቱ «ምሪት አለኝ» እየተባለ ስንቱ እንደታሰረ አይቻለሁ። አንዳንዱ ምሪት በእርግጥ ምሪት ነው። አንዳንዱ ግን ጸሎት የለበሰ ፍርሃት ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

እሱ ኳስ ይወዳል። እኔ ኳስ አይገባኝም። በአንድ ወር ውስጥ የተጫዋቾቹን ስም ከነመለያ ቁጥራቸው ሸመደድኩ። እሱ ለስለስ ያለ መዝሙር ይወዳል። እኔ ጭብጨባና እልልታ ያለበትን ነበር የምወደው፤ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። አንድ ቀን ቁጭ ብለን ስናወራ «አንቺስ ምን ያስደስትሻል?» አለኝ። «አንተን ደስ ያለህ ነገር» አልኩት። የፍቅር መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ትንሽ አየኝና «እሱን አልጠየቅኩሽም» አለኝ። ውስጤን ፈተሽኩ። የምመልሰው አጣሁ።

ስልኬ ትራስ ሥር ነበር የሚያድረው። ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ሆኖ ካልጻፈልኝ ሆዴ ይላወሳል። «ምን አጠፋሁ?» እልካለሁ። «ተቀየምከኝ እንዴ?» እልካለሁ። እሱ «ኧረ ምንም የለም፣ ደክሞኝ ነው» ይላል። በማግስቱ ያው ነው። በስምንተኛው ወር «ካንቺ ጋር ስሆን ሁልጊዜ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ አልቻልኩም» አለኝ። ተለያየን።

ጌታን ተቆጣሁት። የገዛ ራሴን ቃል በአፉ አስገብቼ፣ ያንን ቃል ለምን አልጠበቅክም ብዬ እሱኑ ከሰስኩት! ከዚያም ልጁን እንዲመልስልኝ የ21 ቀን ጾም ያዝኩ። ሳምንቱ ሳይሞላ፣ ለሰው የሚጸልዩ አንዲት እናት ዘንድ ሄጄ አብረውኝ እንዲጸልዩ ለመንኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ አምጣው ብለን መጸለይ እንችላለን» አሉኝ። «ግን መጥቶ ማንን ያገኛል?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡና ዘፍጥረት 27ን አስነበቡኝ። ይስሐቅ ዓይኑ ፈዟል። ያዕቆብ የወንድሙን ልብስ ለብሶ ገባ። «ማን ነህ?» ሲባል «እኔ የበኩር ልጅህ ዔሳው ነኝ» አለ። ከዚያ ቅጠሎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ምዕራፍ 32 ላይ አቆሙኝ። ያቦቅ ወንዝ፣ ሌሊት ነው። ያዕቆብ እስኪነጋ የታገለውን ይዞ «ካልባረክኸኝ አልለቅቅህም» ይላል። የመጣለት ጥያቄ ግን «ስምህ ማን ነው?» የሚል ነው።

«በረከት ፍለጋ የመጀመሪያው ቀን የሰው ስም ተናገረ» አሉኝ። «በሁለተኛው የራሱን መናገር ነበረበት። አንቺም የሰው ልብስ ለብሰሽ ነው የምትገቢው የኔ ልጅ። ጾሙን ቀጥዪ። ስለ ልጁ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። መዝሙር 139 ላይ ያለውን ብቻ በዪ፤ ‹አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ›።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ተንበርክኬ «መርምረኝ» እላለሁ፣ አፌ ወደ እሱ ስም ይሮጣል። እመልሰዋለሁ። ደግሞ ይሮጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚህ ትግል አለቁ። የሚነካ፣ የሚያስለቅስ ነገር አልነበረም። እንዲያውም አንድ ሁለት ቀን ተንበርክኬ እንቅልፍ ወስዶኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ እየጸለይኩ ሳለ ጎረቤቴ ገባ። ቁልፉ በሩ ላይ በኃይል ሲዞር ሰማሁ። ልቤ ድንግጥ አለ። ትከሻዬ ተሰበሰበ። የእኔ በር አይደለም፣ የሚመጣብኝም ሰው የለም። ለምን ደነገጥኩ? ባለሁበት ቀረሁ። ያኔ ነው የመጣልኝ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ሲናደድ አይመታም፣ አይጮህም። ዝም ይላል። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ቁልፉ እንዴት እንደዞረ ሰምቼ የዚያን ቀን ምሽት አውቅ ነበር። ቀስ ብሎ ከዞረ ሰላም ነው። ቀጭ ብሎ ከዞረ ደብተሬን እሰበስባለሁ፣ ጫማውን አስተካክዬ አስቀምጣለሁ፣ ያላጠፋሁትን ሳይቀር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የአባቴን ፊት ማንበብ ችያለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ቁልፉ ወደ ቴሌግራም ተቀየረ እንጂ ልጅቷ ያችው ነበረች።

ብዙ አለቀስኩ። አልወደቅኩም፣ አልተንቀጠቀጥኩም፣ እንደ አንዳንዱ ምስክርነት ከላዬ ላይ የወረደ ነገርም አልተሰማኝም። ግን ጸሎቴ ውስጥ የገዛ ስሜን ስጠራ ራሴን ሰማሁት። «ጌታ ሆይ፣ እኔ እገሊት ነኝ። ሰው ዝም ሲል እሞታለሁ ብዬ የምፈራ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብዬ ጸልዬ አላውቅም። ሁልጊዜ የምጸልየው እንደ ጠንካራ እህት ነበር።

ጾሙ ሲያልቅ ወንድምየው አልተመለሰም። እኔ ግን ደወልኩለት። «ጌታ ተናገረኝ ያልኩህ ውሸት ነበር፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ይሄን በመስማቴ ቀለለኝ» አለኝ። ለካ እሱም ከእኔ በመለየቱ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላ መስሎት ኖሯል። የእኔ ፍርሃት በሰው ኅሊና ላይ ምን ጭኖ እንደነበር ያን ቀን አየሁ።

አማካሪ ዘንድም ለወራት ተመላለስኩ። «እምነት አነሰሽ ወይ?» ያሉኝ ነበሩ። ጥርሳቸውን ሲያማቸው የት እንደሚሄዱ ጠይቄ ዝም አሰኝቻቸዋለሁ።

አባቴንም አንድ ቀን በስልክ «አባዬ፣ ለምንድን ነው እንደዚያ ዝም ትለን የነበረው?» አልኩት። ዝም አለ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። ቆይቶ «ምን እንደምል ስለማላውቅ ነው» አለኝ። ስንት ዓመት ቁጣ ነው ብዬ የፈራሁት!

ደብተሩን መልሼ አወጣሁት። ከባልየው ገጽ ማዶ ያለውን ባዶ ገጽ ለራሴ ሰጠሁት። 14 ቁጥር ለእሱ በአንድ ቀን ነበር የጻፍኩት። ለራሴ 5 ለመሙላት ወር ፈጀብኝ። «ጠዋት ብቻዬን መሆን እወዳለሁ።» «ጭብጨባ ያለበት መዝሙር እወዳለሁ።» «ኳስ አልወድም።» ይቺን ሦስተኛዋን ስጽፍ ብዕሬ ትንሽ ፈራ ተባ ብሏል። «ሰው ዝም ሲል የጠላኝ ይመስለኛል።» አምስተኛውን ለራሴ ልተወው።

ጓደኝነት ለመጀመር ቁስሉ ሁሉ የደረቀለት ሰው ሁኑ እያልኩ አይደለም። እንዲያ ከሆነማ ማን ያገባል? ያዕቆብም በዚያ ሌሊት ትግል ጭኑ ተነክቶ ከያቦቅ የተሻገረው እያነከሰ ነው። ግን እያነከሰ መሆኑን ያውቃል። እኔ ከዚያ በፊት ሳነክስ የምወቅሰው መንገዱን ነበር።

ሁለት ዓመት ገደማ ብቻዬን ቆየሁ። ያ ጊዜ በረሃ ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ይሆናል። አልነበረም። ደስ የሚል ጊዜ ነበር።

አሁን ከአንድ ወንድም ጋር እየተዋወቅን ነው። ጌታ ተናግሮኛል አልልም፤ እየጸለይን ነው። በሦስተኛው ቀጠሯችን ስለ ቁልፉ ነገርኩት። እሱም የራሱን ነገረኝ፤ እሱ የእኔ ምስክርነት አይደለም። ኳስ እንደማልወድም ነግሬዋለሁ። እሱ ለካ ይወዳል። ብቻውን ያያል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ማውራት ጀምረን «ዛሬ ድክም ብሎኛል፣ ነገ እናውራ?» ብሎ ጻፈልኝ። ሆዴ ትንሽ ላወስ አለ፤ አልዋሽም። «ምን አጠፋሁ» የሚለው ጣቴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። «እሺ፣ ደህና እደር» ብዬ ላክሁለት። ስልኩን ሳሎን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስነቃ ነግቷል።